ክሌር ፓተርሰን፦ የነዳጅ ብክለት ልኬት እና የንጹሕ መነሻ ጥያቄ

ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያቀርቡ ግድቦች መካከል ገፈርሳ በቡራዩ፣ ለገዳዲ ደግሞ በለገጣፎ አቅጣጫ ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ከነዳጅ የመጣ ብክለት ሲለካ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተነበበው ቁጥር የውኃው ነው ወይስ የቤተ ሙከራው የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሕይወት ዘመን ሥራቸው ካደረጉት አንዱ አሜሪካዊው የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ክሌር ካሜሮን ፓተርሰን ናቸው።

ፓተርሰን እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1922 በአዮዋ ግዛት ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በግሪኔል ኮሌጅ ኬሚስትሪ አጥንተው፣ በጦርነቱ ጊዜ በማንሃተን ፕሮጀክት ሠርተው፣ በ1951 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የምርምር ሥራቸው በማዕድናት ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት እርሳስ መለካት ነበር። ውጤቱ ግን ከሚጠበቀው በእጅጉ እየበለጠ አስቸገራቸው። ትርፉ እርሳስ ከናሙናው ሳይሆን ከአየሩ፣ ከዕቃው እና ከኬሚካሉ የሚገባ መሆኑን ደረሱበት። ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተዛወሩ በኋላ አየሩ የሚጣራበት፣ ዕቃው በአሲድ ደጋግሞ የሚታጠብበት ቤተ ሙከራ አደራጁ፤ ብላንክ የሚባለውን ናሙና አልባ መፍትሔ በጥብቅ መለካትንም ደንብ አደረጉ። በ1956 የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብለው ያሳተሙት በዚህ ጥንቃቄ ነው። ለስሌቱም ከካንየን ዲያብሎ ተወርዋሪ ድንጋይ የተገኘው እርሳስ የጥንቱ መነሻ ማመሳከሪያ ሆኖላቸዋል።

ቀጥለው ወደ ባሕር ውኃ ዞሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ልኬት የውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ከጥልቁ ይበልጥ እርሳስ ይዞ ተገኘ፤ ጣታቸውንም ወደ ቤንዚን ተጨማሪው ቴትራኤቲል ሌድ ጠቆሙ። በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በሰው ደም ውስጥ የተለመደው መጠን ከተፈጥሯዊው ጋር አንድ አለመሆኑን አስረዱ። ድፍረታቸው ዋጋ አስከፈላቸው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የምርምር ድጋፉን አቋረጠ፤ በ1971 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስለ አየር ወለድ እርሳስ ባዘጋጀው ጥናትም አልተካተቱም።

መከላከያቸው ልኬቱ ራሱ ነበር። በ1974 በታተመ የንጽጽር ሥራ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት የባሕር ውኃ ናሙና ለኩ፤ መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ በሆነበት ናሙና ላይ ውጤታቸው ተራራቀ። የጋራ ማመሳከሪያ በሌለበት የታተመ ቁጥር ከሌላው ጋር ሊነጻጸር እንደማይችል በዚህ ታየ።

ፓተርሰን ዲሴምበር 5 ቀን 1995 አረፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1996፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአሜሪካ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች ተከለከለ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችም እስከ 2006 መጀመሪያ ተዉት።

እርሳሱ ከቤንዚን ቢወጣም ትምህርቱ አላረጀም። ናፍጣና ዘይት በውኃ ውስጥ እኩል አይሰራጩም፤ ቀላሉ ክፍል ይተንናል፣ ከባዱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ስለሆነም መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ ቁስ በንጹሕ ውኃ ላይ ተጨምሮ እንደ ናሙናው ሁሉንም የልኬት ደረጃ ማለፍ አለበት፤ ብላንኩም እንዲሁ። የጠፋው በማመሳከሪያው፣ የተጨመረው በብላንኩ ይታወቃል። ሁለቱ በሌሉበት የለገዳዲም ሆነ የገፈርሳ ውኃ ንጹሕ ነው ወይም ተበክሏል ብሎ መደምደም አይቻልም።