ለንደንን በሰዓት ሒሳብ የሣለው ሰው

ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ፣ በሁለት ጣት እያሰፋሁ አንድ ሰፈር ውስጥ መግባት እወዳለሁ፤ ጣሪያው ሳይቀር ይታያል። ይህንን ከ350 ዓመት በፊት በእጁ ይሠራ የነበረ ሰው አለ ብላችሁስ?

ዌንስስላስ ሆላር ይባላል። በ1607 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ፕራግ ተወለደ። ፍራንክፈርት ውስጥ የከተማ ምስሎችን እያተመ ይሸጥ ከነበረው ከሜሪያን ዘንድ ሠራ። በ1636 አሩንደል የተባለ እንግሊዛዊ መኳንንት ኮሎኝ ላይ አግኝቶት ቀጠረውና ለንደን ገባ።

ሥራው እንዲህ ነው፤ የመዳብ ዝርግ ሰም ይቀባል፣ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ቤቶቹን ይሥላል፣ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል፣ ከዚያ ቀለም ገብቶበት ወረቀት ላይ ይታተማል። የሚገርመው ዓይኑ ሩቅ አያይም ነበር! መልክዓ ምድር ሲሥል መነጽር ይረዳው ነበር።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ አንትወርፕ ሄደ። ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ እንደሚታይ አድርጎ የሠራውን ሰፊ የለንደን ምስል በ1647 ያሳተመው እዚያ ሆኖ ነው። ከሩቅ መሥራት ግን መዘዝ አለው፤ የግሎብ ቲያትርና የድብ ማዋጊያው ቤት ስማቸው ተቀያይሮ ተጽፏል። እኔ ይህችን ስሕተት እወዳታለሁ።

ለንደን ተመልሶ ለመጻሕፍት ነጋዴዎች በሰዓት 4 ፔንስ ይሠራ ጀመር። አጠገቡ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጣል። እንግዳ መጥቶ ወሬ ከያዘው ሰዓቱን ያጋድመዋል፤ አሸዋው ይቆማል፣ ሒሳቡም ይቆማል። ምስሉ በስንት ቅጂ ቢሸጥ ለእሱ ያው 4 ፔንስ ነው።

ስለዚህ የራሱን ሥራ አሰበ። በ1660 ገደማ እያንዳንዱ ቤት የሚታይበት፣ 3 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የለንደን ካርታ ሊሠራና ቀድመው ለሚከፍሉ ሰዎች ሊሸጥ ተነሣ። በ1665 ወረርሽኙ ልጁን ወሰደበት፤ እንደ አባቱ ጥሩ አድርጎ የሚሥል ልጅ ነበር። በ1666 ደግሞ እሳቱ የሚሥላትን ከተማ ራሷን በላት። ከካርታው ዛሬ የሚታወቀው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አስፍታችሁ ብታዩት ቤት በቤት ትቆጥራላችሁ።

እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከቃጠሎው በፊትና በኋላ የነበረችውን ለንደን አንድ ላይ ሣላት። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛም የቦታዎች ሠዓሊ ብሎ ማዕረግ ሰጠው፤ ማዕረጉ ግን ኪሱን አልሞላም።

በ1677 ሊሞት ሲል፣ ዕቃውን በዕዳ ሊወስዱ የፍርድ አስፈጻሚዎች ቤቱ ገቡ ይባላል። የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ አልጋውን እንዲተዉለት።