የቀለም መርማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ቪልሽቴተር

ስለ አበቦችና ስለ ፍሬዎች ቀለም ዛሬ ላለው ዕውቀት መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት መካከል ጀርመናዊው ኬሚስት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ቪልሽቴተር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ቪልሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1872 በካርልስሩኤ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሙኒክ ተምረው በ1905 በዙሪክ፣ በ1912 ደግሞ በበርሊን ሠሩ። በእነዚህም ዓመታት በመጀመሪያ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ መረመሩ፤ ቀጥለውም አንቶሳያኒን ወደሚባሉት የቀይ፣ የሐምራዊና የሰማያዊ ቀለሞች ወገን ተሻገሩ። ከአበቦች፣ ከወይንና ቢልቤሪ ከተባለው የአውሮፓ የዱር ፍሬ ቀለሙን አጣርተው አወጡ። ቀይ ጽጌረዳና በእህል ማሳ መካከል የሚበቅል አንድ ሰማያዊ አበባ ያው አንድ ቀለም እንዳላቸው አረጋገጡ። ልዩነቱን ያመጣው የአሲድ መጠን ነው ብለው አስበው ነበር፤ በኋላ ግን ሰማያዊውን የሚያጸናው ቀለሙ ከብረትና ከማግኒዝየም ጋር መጣመሩ እንደሆነ ታወቀ። ለዕፅዋት ቀለም ምርምራቸው የ1915 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በ1916 ወደ ሙኒክ ተመልሰው የመምህራቸውን የአዶልፍ ፎን ባየርን ወንበር ወረሱ። በ1924 ግን ቪክቶር ጎልድሽሚት የተባሉት ሊቅ ብቃታቸው ሳይጓደል በአይሁዳዊነታቸው ምክንያት ለመምህርነት ሳይመረጡ ሲቀሩ፣ ቪልሽቴተር ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ተማሪዎቻቸው ቢለምኗቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ከዚያም በኋላ ረዳታቸው ማርጋሬቴ ሮዴቫልት በላቦራቶሪ የሚያካሂዱትን ምርምር ከቤታቸው ሆነው በስልክ ይመሩ ነበር። በ1939 አብዛኛውን ንብረታቸውን ትተው ከናዚዎች ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደዱ፤ በ1942 በዚያው አገር ዐረፉ።

ሥራቸው ግን በስደት አልቆመም። ከመረመሯቸው ቀለሞች ውስጥ ፔላርጎኒዲን፣ ሳያኒዲንና ዴልፊኒዲን የሚለያዩት በአንደኛው ቀለበታቸው ላይ ባለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ብዛት ነው፤ የመጀመሪያው አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት አለው። በኋላ የተነሡት የዘር ውርስ ተመራማሪዎች ተጨማሪዎቹን ጥንዶች የሚያስገቡትን ኤንዛይሞችና ኤንዛይሞቹ የሚሠሩባቸውን ጂኖች ለይተው አወቁ። በ2004 የታተመ የጃፓን ሊቃውንት ጥናትም የወይን ፍሬ የሚነጣው፣ ቀለም እንዲሠራ በሚያዝዘው ጂን አጠገብ ተንቀሳቃሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ በመግባቱ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ለጤና ይበጃል ተብሎ የሚታሰበውን አንቶሳያኒን በብዛት የያዘ ፍሬ ለማዳቀል የሚደክሙ ሁሉ፣ ቪልሽቴተር በጣሉት መሠረት ላይ ይገነባሉ። ለሞያ ባልደረቦች ግን ከዚህ ዕውቀት ያላነሰ ውርስ ትተዋል፤ ይኸውም ሰው በዘሩ ሳይሆን በሥራው እንዲመዘን ሲሉ የከበረ ወንበራቸውን መልቀቃቸው ነው።