እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ፦ ድግሱና ክፉ ቀን

እንጦጦ ማርያምን ልንሳለም የምንወጣ ሁሉ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን የምናስባቸው በአድዋ ነው፤ ካልሆነም አዲስ አበባን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው እንላለን። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን ግን፣ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ጓዳቸው ነው። እህቶቼ፣ ስለ ጦርነቱ ብዙ ስለተጻፈ እኔ ስለ ጓዳውና ስለ ረሀቡ ልናገር።

ጣይቱ ከሰሜንና ከበጌምድር መሳፍንት ወገን ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ። ሴት ልጅ ፊደል በማትቆጥርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ከምኒልክ በፊት ሌላ ትዳር አይተዋል፤ ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ነው። ልጅ አልወለዱም። ያኔ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም እንጦጦ ሆነ። እንጦጦ እንደምታውቁት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የማገዶ እንጨቱም እየራቀ ሄደ። ጣይቱ ታች ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው።

የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሲመረቅ ለቀናት የዘለቀ ድግስ ተደገሰ። የድግሱ አዛዥ ጣይቱ ነበሩ። የቤተ መንግሥት ግብር ማለት እኛ የምናውቀው ዓይነት የሠርግ ግብዣ አይደለም። መኳንንቱ በማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ ወታደሩ ይገባል፣ ተራው የደረሰው ሁሉ ይበላል፤ የተረፈው ለድሃው ነው። እህሉ፣ ማሩና ሰንጋው የሚመጣው ከገባሩ ነበር። የምትፈጨው፣ የምትጋግረው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ ውሃ የምትቀዳው ሴት ነበረች። የድግሱ ዜና ተጽፎ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ የእነዚያ ሴቶች ስም ግን አልደረሰንም።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በምጽዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ፈንጣጣም ተከተለ። ረሀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ጣይቱ እቴጌ ተብለው በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት በዚሁ መካከል፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም.፣ ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥት በሆኑ በሁለተኛው ቀን ነው።

የተራበው ሰው ከየአገሩ ወደ እንጦጦ ጎረፈ። የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ተከፈተ፤ ለተራቡት ዳስ ተጥሎ ምግብ ታደለ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ጌታ ነኝ የሚለው ሁሉ መቆፈርን እንዳያፍርበት ነው። ከዚያ ጎተራ ቀምሶ የዳነው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ግን የዳነው እንጦጦ የደረሰው ነው። ጉልበት ያጣው መንገድ ላይ ቀረ። ጎተራው ስጦታ እንጂ ለማንም የተቆረጠ ድርሻ አልነበረም፤ ያልደረሰው ሰው ቀረብኝ ብሎ የሚያመለክትበት ቦታ አልነበረውም።

ይህን ያነሣሁት ከእኛ ዘመን ጋር ስለሚገናኝ ነው። አገራችን በ1997 ዓ.ም. የገጠሩን ልማታዊ ሴፍቲኔት ጀመረች፤ በኋላም ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጣ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማና አካል ጉዳተኛ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በሰፈር ይለጠፋል፤ ስሙን ያጣ ቅሬታ ያቀርባል። ገንዘቡ አነስተኛ ነው፣ የማይደርሳቸውም ብዙ ናቸው። ቢሆንም ለእኔ ትልቁ ነገር ያ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ እናት ስሟን እዚያ ስታጣ የምትለምነው ደግ ሰው አትፈልግም፤ አቤት ትላለች። ውድ ደጋፊዎቻችን፣ የእናንተን እጅ እናመሰግናለን። ነገር ግን በመዝገቤ ላይ ስጦታ የሚለው መስመር በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በእሱ ብቻ ለአንዲት መበለት የከርሞ ኪራይ ቃል መግባት አይቻልም። ማኅበራችን አባሎቿ በወረዳው እንዲመዘገቡ የምትደክመው ለዚህ ነው።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ውሃ እንዲያጣ ያደረገው ምክር የእሳቸው ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ተከፈተ። ግብር መብላት ለለመደ መኳንንት ለምሳ ገንዘብ መክፈል ምን እንደመሰለው አስቡት! ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ ብድር የሚሰጥ ድርጅትም አቋቁመዋል፤ ከውጭ ሰዎች ባንክ ሌላ የአገር የሆነ እንዲኖር ብለው ነው።

ምኒልክ ታመው አልጋ ሲይዙ አገሩን በተግባር የመሩት ጣይቱ ነበሩ። ይህ መኳንንቱን አላስደሰተም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ሹመት የሚሰጡ፣ ሺህ ሰው የሚያበሉ እመቤት በአንድ ቀን አስታማሚ ሆኑ።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተመለሱ። ዘውድ ከጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በጸሎት፣ አራት ዓመት ኖሩ። በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው ዛሬ ታች በከተማው፣ በታዕካ ነገሥት በአታ፣ ከባላቸው ጋር ነው።