መሐመድ አሚን

መሐመድ አሚን (ነሐሴ 23 ቀን 1935 – ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.) ኬንያዊ ፎቶ አንሺና የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በተለምዶ የሰባ ሰባቱ ድርቅ የሚባለውን የኢትዮጵያ ረሃብ ለዓለም ባሳየው ቀረጻው ነው።

የመጀመሪያ ዘመን

የተወለደው ናይሮቢ ሲሆን ያደገው በዳሬሰላም ነው። ፎቶ ማንሳት የጀመረው ተማሪ ሳለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በኋላም ለቪስኒውስ የዜና ወኪል እየቀረጸ በርካታ የአፍሪካ ጦርነቶችንና የመንግሥት ለውጦችን ዘገበ።

የኮረም ቀረጻ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል በርክ ጋር በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ኮረም ተጓዘ። በዚያ በብርድ ሜዳ ላይ እርዳታ የሚጠብቁ በሺህ የሚቆጠሩ ረሃብተኞችን ቀረጸ። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ተላለፈ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም አሳዩት። የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ይህን አይቶ ባንድ ኤይድን አስተባበረ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ።

የኮረሙ ሥራ የጥቂት ደቂቃ ዜና እንጂ ዘጋቢ ፊልም አልነበረም። ዜና የደረሰውን ያሳውቃል፤ ዘጋቢ ፊልም ግን ምስሉን በጊዜ ሰጥቶ፣ አቀናብሮና አብራርቶ ያቀርባል። አሚን ስለ ረሃቡ «አፍሪካን ካልቫሪ» (የአፍሪካ ቀራንዮ) የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የሠራው በኋላ ነው።

ቅንብር የአንድን ምስል ትርጉም ምን ያህል እንደሚለውጥ በኢትዮጵያ ቀደም ብሎ ታይቷል። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ የታየው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። የሰባ ሰባቱ ዘገባዎችም ድርቁን አጉልተው የጦርነቱን ድርሻ አሳንሰዋል ተብለው ተተችተዋል።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በያዘ በሳምንቱ፣ በከተማዋ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ ሳለ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲከሰከስ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አሚንም ከእነሱ አንዱ ነበር።