ናፖሊዮን ቦናፓርት፦ ዘውዱን በገዛ እጁ የደፋው ንጉሠ ነገሥት

የናፖሊዮንን ስም ያልሰማ ሰው አይገኝም። ስለ ጦርነቱና ስለ ድሉ ብዙ ተጽፏል፤ ለቤተ ክርስቲያን ያደረገላትንና በእርስዋም ላይ ያደረሰውን በቅጡ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለምእመናንና በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ሌላ ካልተገለጸ በቀር የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ናፖሊዮን ኦገስት 15 ቀን 1769 በኮርሲካ ደሴት፣ አያቾ በተባለች ከተማ ተወለደ። ዕለቱ በላቲን ሥርዓት የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል የሚከበርበት ነው። የጄኖቫ ሪፐብሊክ ደሴቲቱን ለፈረንሳይ የለቀቀችው ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ነበር፣ ሕፃኑ አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ሳይሆን ለጣልያንኛ በሚቀርበው በአገሩ ቋንቋ ነበር። አባቱ ካርሎ የሕግ ባለሙያ ነበረ፤ እናቱ ሌቲሲያም ቤትዋን በብርቱ ሥርዓት የምታስተዳድር ሴት ነበረች። በሕይወት ከቀሩት ስምንት ልጆች እርሱ ሁለተኛው ነው።

በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ተልኮ በብሪየን የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በኋላም በፓሪስ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1785፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ በመድፈኛ ክፍል የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘ። የባላባት ልጅ ቢሆንም ቤተሰቡ ችግረኛ ስለ ነበር በቀድሞው ሥርዓት ወደ ከፍተኛ ማዕረግ የመድረስ ተስፋው ጠባብ ነበር። መንገዱን የከፈተለት አብዮቱ ነው።

አብዮቱና የቤተ ክርስቲያን መከራ

በ1789 የፈረንሳይ ሕዝብ በግብር ጫናና በዳቦ እጦት ተማርሮ ተነሣ። የሰዎች እኩልነት ታወጀ፤ የመሳፍንትም ልዩ መብት ተሻረ። ይህንን ከካህናቱ መካከል ብዙዎች ደግፈውት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተወረሰ፤ በ1790 የወጣው ሕግ ደግሞ ጳጳሳትና ቆሞሳት በመራጮች ድምፅ እንዲሾሙ ወሰነ። ካህናትም በዚሁ ሥርዓት እንዲምሉ ተገደዱ። አንምልም ያሉት ተሰደዱ፣ ታሰሩ፣ ተገደሉም። በሴፕቴምበር 1792 በፓሪስ ከተገደሉት መካከል 191 ሰማዕታት፣ ሦስት ጳጳሳት ጭምር፣ በ1926 የብፁዕነት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። በ1793 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በሞት ተቀጣ፤ የኖትር ዳም ካቴድራልም ከአምልኮተ እግዚአብሔር ተለይቶ የሰው አእምሮ የሚከበርበት ቤት ሆነ።

ወደ ሥልጣን የወጣበት መንገድ

በዚያው በ1793 መጨረሻ ናፖሊዮን የቱሎንን ወደብ ከእንግሊዞች በማስለቀቁ በ24 ዓመቱ ጄኔራል ሆነ። በ1796 የኢጣልያ ዘመቻ አዛዥነት ተሰጥቶት የኦስትሪያን ሠራዊት ደጋግሞ አሸነፈ። በ1798 የፈረንሳይ ጦር ሮምን ያዘ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 6ኛም ተማርከው በ1799 በፈረንሳይ አገር በቫላንስ ከተማ በግዞት አረፉ። በዚያ ጊዜ የጵጵስና መንበር ዳግመኛ ባለቤት አያገኝም ብለው ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ። ካርዲናሎቹ ግን በቬኔዚያ ተሰብስበው በማርች 1800 ፒዮስ 7ኛን መረጡ።

ናፖሊዮን በዚህ መካከል ወደ ግብፅ ዘምቶ ነበር። መርከቦቹ በእንግሊዛዊው አድሚራል ኔልሰን ቢደመሰሱበትም፣ ሠራዊቱን እዚያው ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ ኖቬምበር 9 ቀን 1799ም መንግሥቱን ገልብጦ የመጀመሪያው ቆንሲል ተባለ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር።

የ1801 ስምምነት

ናፖሊዮን ለሃይማኖት የነበረው ስሜት ከፖለቲካ የሚዘል አልነበረም። ነገር ግን ሕዝቡ ካለ ቤተ ክርስቲያን ሰላም እንደማያገኝ ተረዳ። ስለዚህ በ1801 በካርዲናል ኮንሳልቪ አማካይነት ከቅድስት መንበር ጋር ስምምነት ተፈራረመ። የካቶሊክ ሃይማኖት የአብዛኛው ፈረንሳዊ ሃይማኖት መሆኑ ታወቀ፤ ጳጳሳትን መንግሥት ሊያጭ፣ ቀኖናዊውን ሹመት ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሊሰጡ ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያን የተወረሰባትን ንብረት ላትጠይቅ፣ መንግሥትም ለካህናት ደመወዝ ሊከፍል ተስማሙ።

ፒዮስ 7ኛ ለዚህ ሰላም ከባድ ዋጋ ከፈሉ። ሀገረ ስብከቶቹ እንደ አዲስ ስለሚዋቀሩ፣ ስለ ታማኝነታቸው የተሰደዱት ጳጳሳት ሳይቀሩ መንበራቸውን እንዲለቁ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። በ1802 የትንሣኤ ዕለት በኖትር ዳም የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ ሥርዓተ አምልኮም በአገሩ ሁሉ በይፋ ተመለሰ። ናፖሊዮን ግን ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የሚያደርጉ 77 አንቀጾችን ከሮም ጋር ሳይመክር ጨመረ።

ሕግ አውጪውና ንጉሠ ነገሥቱ

በመንግሥት አስተዳደር ረገድ ሥራው ቀላል አልነበረም። የፈረንሳይን ባንክ አቋቋመ፤ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በ1804 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕግ ፊት እኩልነትን አጸና፤ ሚስትን ግን በባልዋ ሥልጣን ሥር አዋለ። ይህ ሕግ ለብዙ አገሮች ምሳሌ ሆኗል፤ በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣውን የአገራችንን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁትም በዚሁ የሕግ ወግ የሠለጠኑት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። በሌላ በኩል አብዮቱ የሻረውን የባርነት ሥርዓት በ1802 በቅኝ ግዛቶች የመለሰው ይኸው ሕግ አውጪ መሆኑን ልንሸሽግ አይገባንም።

በሜይ 1804 ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ፒዮስ 7ኛ ለቤተ ክርስቲያን ይበጃል በማለት በእርጅናቸው የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ፓሪስ ገቡ። ዲሴምበር 2 ቀን በኖትር ዳም ቅብዓ ቅዱስ ቀቡት፤ ዘውዱን ግን ከመንበሩ ላይ አንሥቶ በገዛ እጁ በራሱ ላይ ደፋ፤ ቀጥሎም ለባለቤቱ ለጆሴፊን ደፋላት።

በ1806 የወጣውን የመንግሥቱን ትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልብ እንዲሉት እንወዳለን። በመላው ፈረንሳይ ሕፃናት እንዲማሩት የታዘዘው ይህ መጽሐፍ፣ እናትና አባትን ስለ ማክበር በሚናገረው ትእዛዝ ሥር ለናፖሊዮን መታዘዝን፣ ግብር መክፈልንና ወታደር ሆኖ ማገልገልን የሃይማኖት ግዴታ አድርጎ ያስተምር ነበር። የልደቱም ቀን በፍልሰታ በዓል ላይ የቅዱስ ናፖሊዮን በዓል ተብሎ እንዲከበር ተደረገ።

የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግዞት

ናፖሊዮን በ1805 በአውስተርሊትዝ፣ በ1806 በየና ድል ነሥቶ የአውሮፓ ጌታ ሆነ። እንግሊዝን በንግድ እገዳ ለማንበርከክ ሲነሣ ፒዮስ 7ኛ ወደቦቻቸውን እንዲዘጉ ጠየቀ፤ እርሳቸውም የሁሉ አባት እንደ መሆናቸው የማንም ጠላት ሊሆኑ አልፈቀዱም። በ1809 ሮምን ወደ ግዛቱ ቀላቀለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ቃለ ውግዘት አወጡ። በጁላይ 5 ሌሊት ወታደሮች የቤተ መንግሥታቸውን ቅጥር ዘለው ያዟቸውና በሳቮና ከተማ አጋዟቸው።

እስረኛው ሠራዊት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ መንግሥት ላጫቸው ጳጳሳት ቀኖናዊ ሹመት አልሰጥም አሉ፤ ብዙ መንበሮችም ባዶ ሆኑ። ያን ሁሉ ንጉሥ ያስገበረው ሰው ይህን አንድ ፊርማ ማግኘት አቃተው። በ1810 ጆሴፊንን ፈትቶ የኦስትሪያዋን ማሪ ሉዊዝ ሲያገባም 13 ካርዲናሎች በሥርዓቱ ላይ አንገኝም ስላሉ ቀዩን ልብሳቸውን ተገፍፈው ጥቁር ለብሰዋል።

በ1812 ታማሚው አረጋዊ ወደ ፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በጃንዋሪ 1813 በናፖሊዮን ውትወታ ደክመው ሥልጣናቸውን የሚያስረክብ ስምምነት ፈረሙ። ነገር ግን ወዲያው ተጸጸቱ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም በገዛ እጃቸው ጽፈው ፊርማቸውን ሻሩ። መሳሳታቸውን በግልጽ ለማመን አላፈሩም።

ውድቀቱና ፍጻሜው

በዚያው በ1812 ናፖሊዮን 600,000 በሚያህል ሠራዊት ሩሲያን ወረረ። ሞስኮን ቢይዝም ከተማይቱ ተቃጠለች፤ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ አልቆ የተመለሰው ጦር 100,000 አይሞላም። በ1813 በላይፕዚግ ተሸነፈ፤ በኤፕሪል 1814ም ሥልጣኑን ለቀቀ። የለቀቀበት ስፍራ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን አስሮበት የነበረው ያው የፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ነው። ፒዮስ 7ኛ በሜይ ወር በሕዝብ እልልታ ሮም ሲገቡ፣ እርሱ በኤልባ ደሴት ተቀምጦ ነበር። ከዚያ አምልጦ ለመቶ ቀናት ያህል ቢነግሥም ጁን 18 ቀን 1815 በዋተርሉ ድል ሆነ፤ እንግሊዞችም በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ወዳለችው ሴንት ሄሌና ደሴት አጋዙት።

በሩ ሁሉ የተዘጋባቸውን የቦናፓርት ቤተሰቦች በሮም የተቀበሉት ፒዮስ 7ኛ ናቸው። እናቱ ሌቲሲያ በእርሳቸው ጥላ ሥር ተጠለለች። በ1817 የእስረኛው መከራ እንዲቀልለት እንግሊዞችን እንዲለምኑ ለካርዲናል ኮንሳልቪ ጻፉ። በ1819 ከሮም የተላኩ ካህናት ደሴቲቱ ደረሱ፤ ናፖሊዮን ከመሞቱ በፊት ምሥጢረ ቀንዲልን የፈጸሙለት ከእነዚህ አንዱ አባ ቪኛሊ ናቸው። ሜይ 5 ቀን 1821 በ51 ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በ1840 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በኤንቫሊድ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ናፖሊዮን የቤተ ክርስቲያንን በሮች ከፈተ፤ ይህን ውለታ አንክድም። ነገር ግን ካህኑን ሎሌ፣ ትምህርተ ክርስቶስንም የመንግሥት አዋጅ ሊያደርግ ወደደ። ፒዮስ 7ኛ የሚሰጠውን ሰጡ፤ የማይሰጠውንም ከለከሉ። ሲሳሳቱ ተመለሱ፤ አሳሪያቸው ሲወድቅም አልተበቀሉትም። ሕፃናትን የምናስተምር ሁላችን ለባለ ሥልጣን የሚገባውን ክብርና ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮ ለይተን እናስተምር። በድለውን የወደቁትንም በቤታችን ለመቀበል እንዘጋጅ።