ሐሪየት ተብማን፦ እየወደቀች የተነሣች፣ ሌሎችንም ያነሣች

አንድ ወጣት በ13 ወይም በ15 ዓመቱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በሐኪም ሲነገረው፣ ከሕመሙ ይበልጥ የሚያስጨንቀው የወደፊት ኑሮው ነው። ትምህርቱን ስለ መጨረሱ፣ ሥራ ስለ ማግኘቱ፣ ትዳር ስለ መያዙ ያስባል። ቤተ ሰቡ ይደብቀዋል፤ ጎረቤት ይንሾካሾካል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ከመናገር ይልቅ የአንዲት ሴት ሕይወት ይበልጥ ያስተምረናል ብለን ስላመንን፣ የሐሪየት ተብማንን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን።

ሐሪየት የተወለደችው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ዶርቸስተር በሚባል አውራጃ ነው። የባሪያ ልጅ የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚመዘግብ ስላልነበረ ዓመቱ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን 1822 ገደማ ነው ይላሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወላጆቿ ያወጡላት ስም አራሚንታ ነበር። ሦስት እኅቶቿ ወደ ሌላ አገር ተሸጠው እንደ ወጡ ቀርተዋል። እርሷም ገና በልጅነቷ ለሌላ ቤት ተከራይታ ሕፃን ትጠብቅ ነበር፤ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ትገረፋለች።

ዕድሜዋ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳለች ሕይወቷን የለወጠ አደጋ ደረሰባት። በሠፈሩ ሱቅ በር ላይ ቆማ ሳለ አንድ ተቆጣጣሪ የሚሸሽ ባሪያን ለመምታት ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ የሚዛን ብረት ወረወረ። ብረቱ ሰውየውን ስቶ የእርሷን ራስ ፈነከተ። ተሸክመው ወስደው በሸማኔ መቀመጫ ላይ አጋደሟት። ሐኪም አልመጣላትም፤ ቁስሏም አልታከመም። ከሁለት ቀን በኋላ ደሟ ከላቧ ጋር እየወረደ ወደ እርሻ ሥራ መለሷት።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ራሷን በብርቱ ያማት ጀመር። በሥራ ላይም ሆነ ከሰው ጋር እየተነጋገረች ሳለች በድንገት እንቅልፍ የመሰለ ነገር ይጥላታል። ምንም ቢቀሰቅሷት አትነቃም፤ ስትነቃ ግን ያቋረጠችውን ንግግር ካቆመችበት ትቀጥላለች። በዘመኗ ለሕመሟ ስም የሰጠው ሐኪም አልነበረም። ታሪኳን ያጠኑ የዛሬ ጸሐፊዎችና ሐኪሞች ግን በራስ ላይ ከደረሰ ጉዳት የተነሣ የሚጥል በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ በሽታ ሁልጊዜ መሬት ላይ ጥሎ አያንፈራግጥም፤ አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ እንደ ፈዘዘ ብቻ ይታያል።

ጌታዋ ከታመመች በኋላ ሊሸጣት ገዢ ቢያመጣም የሚገዛት አልተገኘም። በገበያው ዓይን ዋጋ የሌላት ሆነች። በ1844 ጆን ተብማን የተባለ ነፃ ሰው አገባች፤ ስሟንም ሐሪየት አለች። በ1849 ጌታዋ ሲሞት፣ እንደ እኅቶቿ እንዳትሸጥ ፈርታ ብቻዋን በሌሊት ተነሣች፤ የሰሜንን ኮከብ እየተከተለች፣ ደጋግ ሰዎች እየሸሸጓት ባርነት ወደሌለበት ወደ ፔንሲልቬንያ ግዛት ገባች።

እርሷ ነፃ ብትወጣም ወገኖቿ በባርነት ስለ ቀሩ ልቧ አላረፈም። በ1850 የወጣው ሕግ በነፃው ግዛት የተገኘ ኮብላይ ሁሉ ተይዞ እንዲመለስ ስላዘዘ፣ ሰዎቿን እስከ ካናዳ ድረስ ማድረስ ነበረባት። በ10 ዓመት ውስጥ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 የሚሆኑ ሰዎችን አወጣች፤ ወንድሞቿና አረጋውያን ወላጆቿም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጉዞዋ ሌሊቱ በሚረዝምበት በብርዱ ወራት ነበር። ጋዜጣ እስከ ሰኞ ስለማይታተም፣ ማስታወቂያው ሳይወጣ ለመራቅ ቅዳሜ ሌሊት መነሣትን ትመርጥ ነበር። ከመራቻቸውም አንድም ሰው አልጠፋባትም።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሕመሟ በመንገድም አልተዋትም። በጫካ ውስጥ፣ አሳዳጅ ከኋላ እያለ፣ መሪያቸው በድንገት ትተኛለች። የሚከተሏት ሰዎች ግን ሰይጣን ያዛት ብለው ጥለዋት አልሄዱም፤ እስክትነቃ ድረስ አጠገቧ ይጠብቁ ነበር። ስትነሣም መንገዱን ትቀጥላለች። በእንቅልፏ የምታያቸውን ሕልሞች ከእግዚአብሔር የሚመጡ ናቸው ብላ ታምን ነበር። ሐኪሞች ሕልሙንም ከሕመሙ ጋር ያያይዙታል። እኛ ግን በዚህ ክርክር ሳንገባ ሥራዋን እንመለከታለን።

የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሳውዝ ካሮላይና አስታማሚና ሰላይ ሆና አገለገለች። ሰኔ 2 ቀን 1863 በኮምባሂ ወንዝ የተደረገውን ዘመቻ መንገድ መርታ፣ በአንድ ሌሊት ከ700 በላይ ባሮች ነፃ ወጡ። ከጦርነቱ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በኦበርን ከተማ ተቀምጣ፣ ራሷ ድሃ ሳለች ችግረኞችን በቤቷ ታስጠጋ ነበር። ሕመሟ ግን በእርጅናዋም አልለቀቃትም። በ1890ዎቹ መጨረሻ በቦስተን ከተማ ራሷን ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ ከዚያም ጥቂት ቀለል አላት። በ1908 ለአረጋውያን መጦሪያ የሚሆን ቤት አስከፈተች፤ ኋላም እርሷው ራሷ ተጦረችበት። መጋቢት 10 ቀን 1913 በሳንባ ምች ስታርፍ ዕድሜዋ 91 ገደማ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ ሐሪየት አልዳነችም፤ ግን ኖረች። ሕመሙ በልጅነቷ ያዛት፤ ከ70 ዓመት በላይም አብሯት ኖረ። እስክድን ልቀመጥ ብትል ኖሮ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በባርነት በቀሩ ነበር።

ሁለተኛ፣ እርሷ ያለ መድኃኒት የቻለችውን እኛ ያለ መድኃኒት እንድንሸከመው አንገደድም። ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ የዋለው በ1912፣ እርሷ ልታርፍ አንድ ዓመት ሲቀራት ነው። ዛሬ በትክክል ተመርምረው መድኃኒታቸውን ከሚወስዱ 100 ሰዎች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ በሐኪም ፈቃድ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ወገናችንም ኪኒኑን መተው የለበትም።

ሦስተኛ፣ እኛ እንደዚያ ዘመን መንገደኞች እንሁን። በሽታው በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። ጓደኛችን ሲወድቅ ከእሳትና ከስለት እናርቀው፤ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግለት፤ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም አንክተት፤ በኃይልም አንያዘው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። ከዚያም እስኪነቃ አጠገቡ እንቀመጥ። ሲነቃ የሚያየው የሸሸ ሕዝብ ሳይሆን የሚጠብቀው ወንድም ይሁን።