ዋለልኝ መኰንን፤ አርትስ፣ አራተኛ ዓመት

በመኝታ ክፍሎቻችን ክርክር በጦፈ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው የሟች ስም የዋለልኝ መኰንን ነው። ግማሾቻችን አገር አፍራሽ ብለን እንረግመዋለን፤ ግማሾቻችን የጭቁኖች ጠበቃ ብለን እናወድሰዋለን። ጽሑፉን አንብባችሁታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ረጋሚውም አወዳሹም እኩል ዝም ይላል። እኛም እስከ አምና ድረስ ከዝምተኞቹ ወገን ነበርን። ዳሩ ግን የሮቢት ልጆች፣ ማለትም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያደግን ራያዎች በመሆናችን ነገሩ ከብዙው ሰው ይልቅ ይመለከተናል ብለን ጽሑፉንም የጸሐፊውንም ሕይወት ለመመርመር ተነሣን።

ዋለልኝ የወሎ ልጅ ነው። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ወደ ስድስት ኪሎ መጣና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሆነ። የገባበት ግቢ ጸጥተኛ አልነበረም። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከኛ ተማሪዎች ጋር አብረው ይበሉ፣ አብረው ይከራከሩ ነበር። በቅኝ ግዛት ሥር ያለ አገር ልጅ ስለ መንግሥት እንደ ልቡ ሲናገር፣ የነፃይቱ አገር ልጅ ለምን ግራ ቀኙን አይቶ እንደሚናገር ተማሪው ራሱን ይጠይቅ ጀመር። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ አለፈ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ ወጡ።

ስለ መሬት መናገር እንዲህ ሲደፈር ስለ ብሔረሰብ መናገር ግን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ጎሠኛ መባል ከመታሠር የማይተናነስ ውርደት ነውና፣ በደሉን የሚያውቀውም ተማሪ ከአገሩ ልጆች ጋር ሲሆን በሹክሹክታ እንጂ በጉባኤ አያነሣውም።

ሹክሹክታውን ወደ አደባባይ ያወጣው ዋለልኝ ነው። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የተጻፈው ጽሑፉ፣ እንደዚህችው መጽሔታችን ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፈው በተማሪዎች ማኅበር ልሳን በስትራግል ወጣ። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ርዝመቱም ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በብዕር ስም መጻፍ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ እሱ ግን ስሙን፣ ፋኩልቲውንና ዓመቱን በግልጽ አኖረ፤ አርትስ፣ አራተኛ ዓመት። እኛም የዚሁ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለሆንን ይህች ፊርማ ብዙ አሳስባናለች። የቤት ሥራውን ለመምህሩ የሚያስረክብ ተማሪ የሚፈርማት ፊርማ ናት።

ሐሳቡን በራሳችን ቃል እንግለጠው። የኢትዮጵያ ባህል፣ ቋንቋዋ፣ ዘፈኗ፣ የክብር ልብሷ የትኛው ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚመጣለት መልስ ሁሉ የአማራው፣ በመጠኑም የአማራና የትግሬው ብቻ ሆነበት። ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ሱማሌው ኢትዮጵያዊ ለመባል የሌላውን መልክ መያዝ፣ አንዳንዴም ስሙን እስከ መለወጥ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ዋለልኝ ይህ አንድነት የውሸት ነው፤ እውነተኛው አንድነት ብሔረሰቦች ሁሉ በመንግሥቱ እኩል ሲካፈሉና ቋንቋቸውንና ባህላቸውን እኩል ሲያሳድጉ የሚገኝ ነው አለ። መገንጠልን ግቡ አላደረገም፤ መፈንቅለ መንግሥትም መፍትሔ አይሆንም ብሎ ከገጠር የሚነሣ የትጥቅ ትግልን መረጠ። ይህን ሁሉ ያለው በአማርኛ አፉን የፈታ የወሎ ልጅ መሆኑ አይዘንጋ። የተበደለ ስለ በደሉ ቢጮኽ የተለመደ ነው፤ ቋንቋው ቤተ መንግሥት የገባለት ሰው ግን ይህ ለምን ለኔ ብቻ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ በዘመናችንም ብዙ አላየንም።

የጽሑፉን ጉድለት አስቀድሞ የተናገረውም ራሱ ነው። ለአንድ ዝግጅት ተብሎ የተሰናዳ ስለሆነ ጥቅል አነጋገር እንደሚበዛበትና ትንተናው በቂ እንዳልሆነ፣ ዋና ዓላማውም ውይይት መቀስቀስ መሆኑን መግቢያው ላይ ገልጿል። ይህችን መግቢያ ረጋሚዎቹም አወዳሾቹም ይዘሏታል።

እኛም የምንጨምረው አለን። በዚያች ጽሑፍ ውስጥ ራያን የመሰለ አገር የለም። በኛ አገር አንድ ሰው ከአባቱ ጋር በአማርኛ፣ ከአያቱ ጋር በትግርኛ ይጫወታል፤ የቦታው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ኦሮምኛ ነው፤ በአንድ ዘመድ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። በ1935 ዓ.ም. ራያና አዘቦ ከዋጅራትና ከቀረው የትግራይ ሕዝብ ጋር በቀዳማይ ወያነ ሲነሣ የተማረረው በግብሩና በሹማምንቱ ግፍ ነበረ፤ መንግሥትም አመፁን ለማብረድ ከኤደን የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን እንዲደበድቡ አድርጓል። የወሎ ገበሬም ቢሆን ቋንቋው የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ ከግብር አልዳነም፤ በ1965 ዓ.ም. ተርቦ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ በፖሊስ ከመንገድ ተመልሷል። ዋለልኝ ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ይጨምርበት ነበር ብለን እናምናለን።

ዕድሜ ግን አላገኘም። ጽሑፉ ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ሬሳውን ይዘው በነበሩት ተማሪዎች ላይ ወታደር በስድስት ኪሎ ግቢ ተኮሰ፤ ብዙ ተማሪ ሞተ፤ ብዙው ታሠረ። ክርክሩ ወደ ውጭ አገር ተሰደደ። ከአልጀርስ ጥላሁን ታከለ በሚል የብዕር ስም ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የተማሪዎች ማኅበራትም በዚሁ ጥያቄ ተከፋፈሉ።

ወደ አልጀርስ ከሄዱት አንዳንዶቹ የወጡት በነሐሴ 1961 ዓ.ም. አውሮፕላን ጠልፈው ነበር። ዋለልኝና ስድስት ጓደኞቹም ይህንኑ መንገድ መረጡ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ተሳፈሩ። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራቱ ከነሱ አንዷ ነበረች። መንግሥት ግን ከቀደሙት ጠለፋዎች ተምሮ መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎችን ከመንገደኛው ጋር ያሳፍር ነበር። አየር ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ፤ አውሮፕላኑ ቆስሎ ወደ ቦሌ ተመለሰ። ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። የተረፈችው ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ናት። ስለ መንገደኞቹ ሕይወት ምን ያህል አስበው ነበር ብለን መጠየቃችንን ዋለልኝን የምንወድ ሰዎች ይቅር ይበሉን፤ በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጨቋኞች አልነበሩምና።

ከሞተ በኋላ ስሙ ብዙ ተሠራበት። በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በወሎ ግንባር የከፈተውን የመጨረሻ ዘመቻ ዘመቻ ዋለልኝ አለው። በዚያ ጦር ድል ማግሥት አገሪቱ በቋንቋ ስትከለል ቆቦ አማራ ክልል ገባ፤ አላማጣና ኮረም ከወሎ ወጥተው ትግራይ ገቡ። አንድ ራያ ሁለት ሆነ። በቀበሌ መታወቂያችን ላይ ብሔር የሚል መስመር መጣ፤ በዚያች መስመር ላይ ራያ ብለን እንሙላ ብንል ተቀባይ አልነበረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም የቆቦ ሜዳ ደጋግሞ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። የፕሪቶሪያ ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ ይፈታ ብሎ አለፈው።

ያ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። የብሔር ብሔረሰቦች በዓል የሚከበርበት ቀን ይኸው ነው። ሕፃናት ሳለን በዚህ ቀን በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ያሰልፉን ነበር፤ መምህራኑ ልብስ ያድላሉ፤ አንዱ ወላይታ፣ አንዷ አፋር፣ ሌላው ሱማሌ ይሆናል። የሌላውን ልብስ ለብሰን እስክንደክም ጨፈርን። ቀኑ ዋለልኝ የሞተበት ቀን መሆኑን የነገረን ግን አንድ ሰው አልነበረም።